ናሆም ያልመረጠው አንቲቫይረስ

ዛሬ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ፣ አማቴ መነጽራቸውን አድርገው ነውሬን ከኮምፒውተር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ አነበቡልኝ። ከዚያ ደግሞ ላልገባው ሰው ብለው ወደ አማርኛ ተረጎሙት።

ቀልዴን አይደለም!

ተደላድላችሁ ተቀመጡ። ይሄን ነገር ለሰው ሳልናገር ባድር ሆዴ ይፈነዳል።

ለማታውቁኝ፣ ከማል እባላለሁ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው፤ እዚያው ሰፈር የመጋረጃ ሱቅ አለኝ። ባለቤቴ ሐያት ቦሌ ለሚ አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ የሰው ኃይል ክፍል ትሠራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተርሷን ትማራለች። ቆንጆ ናት። ይሄን የምለው ነገሩ እንዲገባችሁ ነው እንጂ ጉራ አይደለም።

እሺ፣ ጉራም ነው።

እና ደግሞ ናሆም አለ።

ናሆም የፋብሪካው የአይቲ ሰው ነው። እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግን ሐያት እዚያ ከገባች ጀምሮ እኛ ቤት ነው የሚኖረው። ራት ላይ አለ። ሶፋው ላይ አለ። ታክሲ ስንሳፈር መሃላችን ተቀምጦ ነው የሚሄደው።

«ናሆም ስልክ ሲያድር ቻርጅ ላይ አይደረግም አለ።»

«ናሆም ጠዋት በባዶ ሆድ ውሃ ጥሩ ነው አለ።»

ውሃ! ሰውየው የተማረው ኮምፒውተር ነው ወይስ ኩላሊት?

«ዛሬ ናሆም እንዴት እንዳሳቀን ብታይ!»

አላየሁም። ማየትም አልፈልግም።

እኔ ደግሞ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም። (ወንድሞቼ፣ ቀናተኛ ያልሆነ ሰው ይቺን ዓረፍተ ነገር ጽፎ ያውቃል?)

ነገሩ የጀመረው የዛሬ ሁለት ሳምንት ነው። ሐያት የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለ ፕሪንት ቤት ፍላሿን ሰካች። እቤት አምጥታ እኛ ኮምፒውተር ላይ ስትሰካው ፎልደሮቹ በሙሉ ሾርትከት ሆነው ቁጭ! ያቺን ትንሽ ቀስት ታውቋት የለ? ስትነኳት የማትከፈት፣ ስታጠፏት ተመልሳ የምትመጣ።

ኮምፒውተሯ የቤቱ ሀብት ናት። የሠርጋችን ፎቶ እሷ ላይ ነው። የመጋረጃ ዲዛይኖቼ እሷ ላይ ናቸው። የሐያት ጽሑፍም እሷ ላይ ነው።

«አንቲቫይረስ ያስፈልገናል» አልኩ። ለአንድ ጊዜ እንኳን እኔ ቀደምኩ ብዬ ደስ አለኝ።

«ናሆምን ጠይቄው ነበር» አለች። «ምንም አትግዙ፣ ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣው ይበቃል፣ አፕዴት አድርጋችሁ አብሩት ብቻ አለ። ፕሪንት ቤት ደግሞ ፍላሽ አትስኪ፣ በኢሜይል ላኪላቸው አለኝ።»

ይበቃል አለ?

የማን ቤት መስሎት ነው የሚበቃውንና የማይበቃውን የሚወስነው?

«ሐያትዬ፣ እዚህ ቤት የሚገባውን አንቲቫይረስ የምመርጠው እኔ ነኝ» አልኩ። ድምፄ ወፍሮ ነበር። ወላሂ፣ ለልጅ ስም የማወጣ ነበር የምመስለው።

ሐያት ከመጽሐፏ ቀና ብላ አየችኝና «እሺ፣ ምረጥ» አለች።

መረጥኩ!

ሦስት ቀን ሙሉ ሥራ ፈትቼ ቪዲዮ አየሁ። አንዱ «ነጻው ይበቃል» ይላል። አንዱ «ነጻ የሚባል ነገር የለም፣ ሸቀጡ አንተው ነህ» ይላል። አንድ ፂማም ሰውዬ ሃያ ደቂቃ ሠንጠረዥ ሲያሳየኝ ቆይቶ መጨረሻ ላይ «ሁሉም ጥሩ ናቸው» ብሎኝ ሄደ። የሰፈራችን ግሩፕ ላይ ጠየቅኩ። ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ስም ጠራ። አንዱ «ኮምፒውተሩን ሽጠው» አለ። አንዷ «የኔ መጋረጃስ መቼ ነው የሚደርሰው?» ብላ መለሰችልኝ።

ብቻ በመጨረሻ አንድ ደህና አገኘሁ። ብዙ ሰው ያመሰገነው፣ ኮምፒውተር የማያከብድ፣ ዋጋው የማያስደነግጥ። ልገዛው ስል ሐያት በትከሻዬ አሻግራ አየችና፣

«ውይ፣ እሱንማ ናሆምም የግድ መግዛት ካለባችሁ እሱን ግዙ ብሎ ነበር!»

ዘጋሁት።

አዎ፣ ዘጋሁት። ጥሩውን አንቲቫይረስ፣ ጥሩ ስለሆነ ሳይሆን ናሆም ጥሩ ነው ስላለው ዘጋሁት። ፍረዱኝ።

ረቡዕ ዕለት ሲኤምሲ መንገድ ላይ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገባሁ። ሻጩ የወርቅ ሐብል ያደረገ፣ ወንበሩ ላይ የሚሽከረከር ሰው ነው።

«ብሮ፣ ይሄን ውሰድ» አለኝ። «ትልልቅ መሥሪያ ቤት ሁሉ የሚጠቀሙት ይሄን ነው። የሦስት ዓመት። ክራክ ነው፣ ግን ከኦሪጅናሉ ይበልጣል።»

እዚህ ላይ መውጣት ነበረብኝ። ከኦሪጅናሉ የሚበልጥ ክራክ!

እኔ ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ። «የአይቲ ሰዎች ይወዱታል?»

«አይቲዎች? እነሱማ አይወዱትም ብሮ። ሥራ ያሳጣቸዋላ!»

«በል ገልብጥልኝ» አልኩት።

ፍላሽ ላይ አድርጎ ሰጠኝ። «ስትጭነው ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን አጥፋው። ካላጠፋኸው አያስገባውም» አለኝ። ይሄም አላስጠረጠረኝም። የምጠረጥረው ሌላ ሰው ነበራ!

አሁን ሐሙስ ላይ ደርሰናል። እዚህ ጋ ድምፄን ዝቅ ላድርግ።

ረቡዕ ከራት በኋላ ሐያት ስልኳን እያየች ሳቀች። ተራ ሳቅ አይደለም። ያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ የምትስቀው። «ምንድነው?» ስላት፣ «የሥራ ነው፣ ብነግርህ አይገባህም» አለች።

አይገባህም!

ቃሏ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰካች። ጨርቅ ስቆርጥ፣ አይገባህም። ደንበኛ ሳናግር፣ አይገባህም። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሱቁን ዘግቼ እቤት ገባሁ። (ደንበኞቼ፣ «ጨርቅ ላመጣ መርካቶ ሄጃለሁ» ያልኳችሁ ያኔ ነው። አውፍ በሉኝ።) ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት አማቴ፣ የሐያት እናት፣ ሳሎን ጥግ ላይ እየሰገዱ ነበር።

አመጣጤ አንቲቫይረሱን ልጭን ነው። በአላህ! ግን ጣቴ ሌላ ነገር ጻፈ።

«ሚስት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ስትስቅ ምን ማለት ነው?»

ኢንተርኔት መቼም መልስ አያጣም። አንብቤ ሳልጨርስ አንድ ማስታወቂያ ብቅ አለ፣ በእንግሊዝኛ። የሚስትህን መልእክቶች እዚሁ ኮምፒውተርህ ላይ ቁጭ ብለህ በነጻ አንብብ ይላል።

ነካሁት።

አውቃለሁ። አውቃለሁ! አትስደቡኝ፣ ቆዩ።

ወረደ። ከፈትኩት። የሐያትን ስልክ ቁጥር ጠየቀኝ። ያ ቁጥር እኮ መገናኛ ታክሲ ተራ ላይ ቆመን ስትነግረኝ ሳልጽፈው በቃሌ የያዝኩት ቁጥር ነው። ረዳቱ እየጮኸ፣ እሷ አንድ እግሯ ታክሲው ውስጥ ሆኖ፣ አንዴ ብቻ ነው የነገረችኝ። እስከ ዛሬ ተሳስቼው አላውቅም።

ያንን ቁጥር ለማላውቀው ነገር ጻፍኩለት።

ጥቁር መስኮት ብልጭ አለና ጠፋ። መልእክት የለም፣ ምንም የለም። ፋይሉን ብፈልገው አጣሁት። በድንጋጤ የነበረውን አንቲቫይረስ እንደተባልኩት አጠፋሁ። ከሲኤምሲ ያመጣሁትን ጫንኩ። ሰይጣን ደግሞ «ደርብ» አለኝና ከኢንተርኔት አንድ ሌላ ነጻ ጨመርኩበት፤ አንዱ ሲያንቀላፋ ሌላው ይጠብቃል ብዬ።

ኮምፒውተሯ እንደ ዳገት መኪና ማቃሰት ጀመረች። ስክሪኑ ቀይ በቀይ ሆነ። ከሁለት መቶ በላይ ቫይረስ ተገኘ!

ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ፍርሃቴ ሁሉ ጠፋ። ናሆም «ይበቃል» ያለው እኮ ይሄን ሁሉ ጉድ አሳልፏል! ከታች «ሁሉንም አጥፋ» የሚል ነበር። አንዱንም ሳላነብ፣ ጠቅ!

ሐያት ከሥራ ስትመጣ ደረቴን ነፍቼ ነገርኳት። «ጎበዝ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

አርብን በኩራት ዋልኩ። እስከ ቅዳሜ ነበር የኖረው ኩራቱ።

ቅዳሜ ከክፍል ተመልሳ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ተከፍቶ እስኪያልቅ ዙህር ሰግዳ ጨርሳለች። ከዚያ ድምጿን ሰማሁ።

«ከማል፣ ጽሑፌ የት አለ?»

የለም።

የሰባት ወር ሥራ። ሰኞ ጠዋት ለአማካሪዋ የምታስገባው። ፍላሹ ላይ ያለው ሾርትከት ነው። በኢሜይል የላከችው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ምዕራፎች ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የነበረውን ደግሞ የኔ ጀግና አንቲቫይረስ ከቫይረስ ጋር አብሮ ጠርጎታል። «ሁሉንም አጥፋ» ያልኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

ሁለት እጇን ጭኗ መሃል አድርጋ ስክሪኑን ታያለች፤ እንባዋ ያለ ድምፅ ይወርዳል። እናቷ ከኋላ ቆመው ጀርባዋን ይደባብሳሉ።

ወደ ሲኤምሲ በረርኩ። ሱቁ ዝግ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። አጠገቡ ያለው ባለ ፋርማሲ «አንተም?» አለኝ።

ስመለስ ሐያት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ማለት ያለብኝን አውቄዋለሁ። በር ላይ ቆሜ ትንሽ ታገልኩ።

«ናሆምን ጥሪው» አልኩ።

ሁለት ቃል ናት። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ የወጣሁ ነው የመሰለኝ።

ዛሬ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ምን ዓይነት ሰው እንደጠበቅኩ ልንገራችሁ? ሆዱ ወጣ ያለ፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ሸሚዙ ላይ ወጥ ያለበት። እንዲያ እንዲሆን ዱዓ ሁሉ አድርጌ ነበር።

ከፈትኩ። ፊቱን ለማየት ቀና ማለት ነበረብኝ። ቀና! ትከሻው በሩን ሞልቶታል። ሽቶው ከሱ ቀድሞ ገባ። አራት ፎቅ በእግሩ ወጥቶ አላለከለከም።

ጫማውን አወለቀ። ካልሲው አልተቀደደም። አስቡት፣ የሰው ካልሲ ቀዳዳ እየፈለግኩ እኮ ነው!

ለአማቴ ጎንበስ ብሎ «እንደምን አደሩ፣ እማማ» አላቸው። አማቴ ዕድሜ ልካቸውን እንግሊዝኛ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ በቀላሉ ሰው አይወዱም። እኔን ለመልመድ ሁለት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ናሆምን በአምስት ደቂቃ «ልጄ» አሉት። ሳምቡሳ ቀረበለት። ያ ሳምቡሳ ትናንት «ለነገ ነው» ተብዬ የተከለከልኩት ነው!

ከዚያ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ።

«ሁለት አንቲቫይረስ ነው እንዴ ያለው?» አለ።

«ለጥንቃቄ ነው» አልኩ።

«ሐሳቡ ጥሩ ነበር» አለ ረጋ ብሎ። «ግን አንድ ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ይጠራጠራሉ። አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ይውላል፣ ቤቱን የሚጠብቅ ይጠፋል።»

ሐያት ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ።

እኔ የሶፋውን ትራስ ጨመቅኩት።

«ግን ከማል መጠንቀቁ ልክ ነው» ብሎ ቀጠለ። «አመራረጡም መጥፎ አይደለም። ክራክ መሆኑ ነው እንጂ ኦሪጅናሉ ጥሩ ነው።»

ትንሽ ልቤ ሞቀ። እንዲያውም መጥፎ ሰው አይደለም ማለት ጀምሬ ነበር። አያችሁ ቅለቴን? ለሙገሳ እንዴት እንደምሸጥ?

አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ይዞት በመጣው ፕሮግራም የጠፉትን ፋይሎች አንድ በአንድ እያወጣ፣ «ይሄ ነው? ይሄስ?» ይላታል። በመጨረሻ ሐያት ጮኸች።

«እሱ ነው! እሱ ነው! ሁሉም ምዕራፍ አለ!»

ብድግ ብላ ሁለት እጇን ወደ ናሆም ዘረጋች። መሃል ላይ አቅጣጫ ቀየረችና እናቷን አቀፈች።

አልሃምዱሊላህ። ስለ ጽሑፉም፣ ስለ አቅጣጫውም።

እዚህ ጋ ቢያልቅ ኖሮ ይሄን ፖስት አታዩትም ነበር።

ናሆም ሁለቱንም አንቲቫይረስ አነሳ። ኮምፒውተሩ ይዞት የመጣውን፣ ያንን «ይበቃል» ያለውን፣ መልሶ አበራውና አፕዴት አደረገው። «አንድ ሙሉ ፍተሻ እናድርግና እንጨርስ» አለ። አማቴ ወንበር ስበው አጠገቡ ተቀመጡ። መነጽር አወጡ። እሳቸው እንግሊዝኛ አይተው ዝም ብለው ማለፍ አይችሉም፤ የሳሙና ካርቶን ሳይቀር ነው የሚያነቡት።

የፍተሻው መስመር ሞላ፣ ሞላ፣ ሞላ አለና አንድ ቀይ ነገር ብቅ አለ። አንድ ብቻ።

ናሆም አየው። እጁ ማውሱ ላይ ቀጥ አለ።

እኔም አየሁት።

አማቴ ግን እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብለው፣ ቃል በቃል፣

«ሪድ… ዩር… ዋይፍ… ሜሴጅስ… ፍሪ።»



«የሚስትህን መልእክቶች በነጻ አንብብ» ብለው ተረጎሙ። ከዚያ ወደ ናሆም ዘወር አሉና፣ «ዋይፍ ላይ አፖስትሮፊና ኤስ ጎድሎታል» አሉት።

ናሆም ፈጠን ብሎ፣ «እንዲህ ዓይነቱ በማስታወቂያ በኩል በራሱ ነው የሚገባው እማማ። ማንም ሰው ላይ ይደርሳል» አለ።

ዳንኩ ብዬ ትንፋሼን ልለቅ ስል፣

«ኧረ አይደለም ልጄ» አሉ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው። «ይኸው ቀኑ ተጽፏል። ሐሙስ ከሰዓት።» በመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ሐሙስ እኔ ስሰግድ እዚህ ቁጭ ብለህ የነበርከው አንተ አይደለህ፣ ከማል?»

ሦስቱም ዞሩብኝ።

«እኔ… አንቲቫይረስ እየመረጥኩ ነበር» አልኩ።

በሕይወቴ ከዚህ የደከመ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ አላውቅም።

ናሆም ፋይሉን አጠፋ። ዕቃውን ሰበሰበ። ጫማውን ማሰሪያውን ሳያስር ነው ያጠለቀው። በር ላይ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «አይዞህ ወንድሜ። የሁሉንም አካውንት ፓስወርድ ዛሬውኑ ቀይሩ» አለኝ።

አይዞህ! ስምንት ወር ስታማው የከረምከው ሰው አይዞህ ሲልህ እንዴት እንደሚያንስህ!

አማቴ ሻርፓቸውን አደረጉና «ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አሉ። ሱቅ ምንም ጉዳይ የላቸውም።

ሁለታችን ቀረን። ሐያት ስልኳን ከፍታ ፊቴ አስቀመጠችው።

«አንብብ።»

«ሐያትዬ፣ ይቅርታ…»

«በነጻ ነው። አንብብ።»

አልፈልግም አልኩ። «እኔ ነኝ የምፈልገው» ብላ የናሆምን ቻት ራሷ ከፈተችልኝ። አነበብኩ። ፕሪንተሩ ወረቀት ይዟል። ኔትወርክ የለም። የደመወዙ ሲስተም ቆሟል። የረቡዕዋ ሳቅ ደግሞ ይቺ ናት፤ አለቃቸው በኦንላይን ስብሰባ ላይ ማይኩን ሳይዘጋ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፋ። በቃ! ለዚህ ነው ያ ሁሉ።

መጨረሻ ላይ ትናንት የጻፈችለት ነበር። ጽሑፏ ጠፍቶ፣ ዓይኗ አብጦ እያለ የጻፈችው።

«ናሆም፣ ነገ ስትመጣ አንድ ነገር አደራ። አንቲቫይረሱን የመረጠው ባለቤቴ ነው። ስንት ቀን ሲያጠና ነበር። የሱ ጥፋት ነው እንዳትል። እናቴም እዚህ ናት፣ እንዳያፍር።»

እንዳያፍር።

ጽሑፉ ስክሪኑ ላይ ተደበላለቀብኝ። (አለቀስክ እንዴ የምትሉ፣ አዎ። ምን ይጠበስ?)

ከዚያ ቁጥሯንም እንደሰጠሁ ነገርኳት። አልጠየቀችኝም፣ ራሴ ነኝ የነገርኳት። ዛሬ ያደረግኩት ብቸኛ ደህና ነገር እሱ ነው።

ስልኳን ከፊቴ አንስታ ዘጋችው።

«መቅናትህ አይደለም ያናደደኝ» አለች። «ብትጠይቀኝ እኮ ቁጭ ብዬ እኔው አነብልህ ነበር። እኔን ከመጠየቅ የማታውቀውን ነገር መጠየቅ ቀለለህ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?

አሁን በረንዳ ላይ ቆሜ በስልኬ ነው የምጽፈው። ኮምፒውተሩ አዲስ ፓስወርድ ተደርጎለታል። ለኔ የተከፈተልኝ አካውንት ስሙ «እንግዳ» ነው። የመጋረጃ ዲዛይን ማየት እችላለሁ። ምንም ነገር መጫን አልችልም።

እውነቱን ልንገራችሁ? ናሆም አሁንም ያንገበግበኛል። በፊት ቁመቱን ሳላይ ነበር የምቀናው፣ አሁን አይቼው። በዚያ ላይ ጨዋም ነው! ሰው ቁመትም ጨዋነትም አንድ ላይ ይሰጠዋል?

ልክ አሁን ሐያት ከውስጥ «ሻይ ቀርቧል» አለች። ስሜን አልጠራችም። «ና» አላለችም። ለማን እንደቀረበ ግልጽ አይደለም።

ያገባችሁ ሰዎች፣ በአላህ ቶሎ መልሱልኝ፤ ልግባ ወይስ ትንሽ ልቆይ?